ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ የቆረጥኩ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አየር ጤና፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ በር ላይ ባትሪ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም። ስልኬን ላሠራ ሄጄ ወረፋ እየጠበቅሁ ስለነበር ከመነሻው አይቻለሁ። ጠጋኙ የአንዲት መጫወቻ አውሮፕላን ባትሪ ሶኬት ሊቀይር ፒንሳ አነሳ፣ ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ ደርቦ ያዘ፣ ቆረጠ። የፒንሳው ብረት ሁለቱን አገናኛቸው። ብልጭታ፣ ከዚያም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጣፈጥ ያለ ሽታ።

«ሁለቱን አንድ ላይ ቆረጥካቸው» አልኩት፣ ባትሪውን በአካፋ ገፍተን አሸዋ ካለበስነው በኋላ።

«ጋሼ፣ የባትሪ ሰው ነዎት እንዴ?»

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

ሳቀብኝ። እኔ ያን ሽታ ከዚያ በፊት ያሸተትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጀማሪ ጋዜጠኛ ሳለሁ ዘነበወርቅ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በከተማው ውስጥ ከሥራ ውጭ የማወራው ሰው ኑሪ ብቻ ነው። አባቱ ጦር ኃይሎች ሱቅ ነበራቸው፤ እሱ እዚያው ጥግ ላይ ስልክ ይጠግናል። ያን ክረምት ዝናቡ ሲያስገባን ከፎም አውሮፕላን ሠራን። ክንፉን እኔ ቆረጥኩ፣ ሞተሩን እሱ ገጠመ። ባትሪ ያገኘነው በመጨረሻ ነው፤ ያውም አንድ ብቻ፣ ሶኬቱ ከሞተራችን ጋር የማይገጥም።

ኑሪ አንድ ሕግ ነበረው። ባትሪ ለሁለት ነው የሚነካው። አንዱ ሰው አንድ ሽቦ ይቆርጣል፣ ሌላው የተቆረጠውን ጫፍ ወዲያው በናስትሮ ይጠቀልልና «ተሸፍኗል» ይላል። ይህ ሳይባል ሁለተኛው ሽቦ አይነካም። ብቻውን ሲሠራ እንኳ ለራሱ «ተሸፍኗል» ሲል ሰምቼዋለሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ አጎቱ ጅማ ለከፈቱት ሱቅ ፈለጉት። ሰኞ ሊሄድ ነው። የቀረን እሑድ ብቻ ስለነበር አውሮፕላኑን ያን ቀን ልናበርር ተቀጣጠርን። ጠዋቱን ሶኬት በመበየድ ማሳለፍ አልፈለግሁም፤ ሙሉውን ቀን ሜዳ ላይ እንድንውል ነበር ምኞቴ። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻዬን ተቀመጥኩ። ናስትሮውን አዘጋጅቻለሁ። ሕጉንም አውቀዋለሁ። ግን የሚጠቀልል ሌላ ሰው አልነበረም፤ እጄ ቸኮለና ሁለቱን ሽቦ በአንድ ፒንሳ ያዝኩ።

የፒንሳው አፍ ተሸረፈ። ባትሪው እንደ ትራስ ማበጥ ጀመረ። በመጥበሻ ተሸክሜ ወጥቼ ግቢው ጥግ ካለው የግንባታ አሸዋ ላይ ጣልኩት። አከራዬ እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ምንድነው እሱ?»

«ባትሪ ነው፣ እትዬ።»

«ቤቴን አቃጥለህ ዜና ልትሠራበት ነው?»

እሑድ ኑሪ ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ምስሩና ቃሪያው ከበሩ ይሸታል። ባትሪውን አሸዋው ላይ አይቶ ቁጢጥ አለ፤ አልነካውም።

«አንድ ላይ?»

«አንድ ላይ።»

«አንተ ደግሞ! ለወሬ ሁለት ምንጭ ካላገኘሁ ትላለህ፣ ሽቦ ስትቆርጥ ግን ለብቻህ።»

ሳቅሁ። ሌላ ባትሪ የምናገኝበት ቦታ አልነበረም። ቢሆንም አውሮፕላኑን ይዘን ከቀራንዮ ወደ ላይ ወጣን። መንገዱ ጭቃው ደርቆ በጎማ ዱካ ተሸነታትሯል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ኑሪ ያለ ሞተር፣ እንደ ወረቀት አውሮፕላን በእጁ ወረወረው። ቁልቁል ተንሳፍፎ ሄደና ሣር ላይ በሆዱ አረፈ። ሦስት ጊዜ ወረወርነው። በአራተኛው ክንፉ ተሰበረ።

«ባትሪ ስታገኝ ደውል፣ እመጣለሁ» አለኝ ታክሲ ውስጥ እየገባ።

ባትሪ ያገኘሁት በዓመቱ ነው። ክንፉን ጠግኜ፣ ሶኬቱንም ቀየርኩ። አንዱን ሽቦ ብቻ ቆረጥኩ። ሲሞቅ የምትጨማደድ የላስቲክ መሸፈኛ ቱቦ ከመበየዴ በፊት ሽቦው ላይ አጠለቅሁ፤ በይጄ አሞቅኋትና ሽቦውን እስክትይዝ ጠበቅሁ። ባዶ ክፍል ውስጥ «ተሸፍኗል» አልኩ። ሁለተኛውን የነካሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀዩ በመደመር ምልክቱ በኩል መሆኑን በመለኪያ ሁለት ጊዜ አየሁ። ከዚያ ደወልኩለት። ሱቅ ጥሎ መምጣት አልቻለም። በፋሲካም ደወልኩ፣ በክረምቱም። ከዚያ እኔም ተውኩት። አውሮፕላኑን ለጎረቤት ልጆች ሰጠሁ፤ ሲበር አላየሁትም።

ለዓመታት ያበላሸሁት ባትሪ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ሳስበው እሑድ ጠዋት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሶኬት ብንቀይር ምን ነበረበት እላለሁ። ብየዳውም አብረን ከዋልንበት ቀን ይቆጠር ነበር።

ትናንት ጦር ኃይሎች ወርጄ የኑሪን አባት ሱቅ ፈለግሁ። ቤቱ አለ። ጫማ ይሸጥበታል። ሻጯ ስትከራየው ባዶ እንደነበር፣ ከእሷ በፊት ማን እንደነበረበት እንደማታውቅ ነገረችኝ።