ድመታችንና የባዜቃው ጭስ

ስለ ድመት ልጽፍ ነው። በዚህ ዕድሜዋ ሌላ የምትጽፈው አጥታ ነው የሚል ካለ ይበል። ስለ ጦርነቱና ስለ ሹማምንቱ የጻፈ ሞልቷል፤ ስለ እኛ ቤት ድመት ግን እኔ ካልጻፍሁ ማንም አይጽፍም።

አባቴ አንጥረኛ ነበሩ። ከሰሜን ከሹማምንቱ ጋር ወርደው ሶዶ ቀሩና እናቴን አገቡ። እናቴ የጉኑኖ ገበሬ ልጅ ናት። አማርኛን የተማረችው ከአባቴ ጋር እየተጣላች ስለሆነ፣ በአማርኛ ስትቆጣ ነበር የሚያምርባት። ቤታችን ከገበያው በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የሣር ቤት ነበር። በአንዱ እንተኛለን፤ በሌላው አባቴ ብር ያቀልጣሉ፣ ድሪና አምባር ይሠራሉ። በሁለቱ መካከል መዝጊያ ቀርቶ መጋረጃ እንኳ አልነበረም።

ድመቷ ግራጫ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የምትተኛው ምድጃው ዳር፣ ሙቅ አመድ ላይ ነው። የሞረዱ ብናኝ ጸጉሯ ውስጥ ስለሚቀር አባቴ በሳምንት አንድ ቀን ያጥቧታል። ውሃውን አይደፉትም፤ በጨርቅ አጥልለው፣ ጨርቁ ላይ የቀረውን ብር ከቤቱ ጥራጊ ጋር ለሚቀጥለው ማቅለጥ ያስቀምጡታል። እሷ ትቧጭራቸዋለች፣ እሳቸው ይሰድቧታል፤ ከዚያ ሁለቱም ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ አብረው ይደርቃሉ። እንደዚያ የሚዋደዱ ፍጥረቶች ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

አባቴ የሚኮሩበት ሥራ ብርን ወርቅ መቀባት ነበር። ወርቁን በባዜቃ ያሟሙታል። ባዜቃ ያ ብር መስሎ እንደ ውሃ የሚፈስ ነገር ነው፤ መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት ይሮጣል። ሁለቱ ተዋሕደው ሲለሰልሱ የብር ጌጡን ይቀቡበትና ከሰል ላይ ያሞቁታል። ባዜቃው በጭስ ይሄዳል፤ ወርቁ ይቀራል። ወርቅ ከሰው ዓይን ተሰውሮ ነው የሚሠራ ስለሚባል፣ በዚያን ጊዜ በሩም መስኮቱም ይዘጋል።

ጭሱ ክፉ መሆኑን አባቴም ያውቁ ነበር። ማርከሻው ወተት ነው ብለው ግን አባታቸው አስተምረዋቸዋል። ስለዚህ ሥራ ሳይጀምሩ በቀንድ ዋንጫ ትኩስ ወተት ሞልተው ከእሳቱ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ሲጨርሱ ግማሹን ይጠጡና ግማሹን ለድመቷ ያፈሱላታል። እሷም አብራቸው ስለዋለች ድርሻ አላት ይሉ ነበር። ክዳን የሌለው ወተት እዚያው ጭሱ መካከል መዋሉን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። መድኃኒቱ ወተት በመሆኑም አባቴ በጾም ቀን ወርቅ አይቀቡም። ረቡዕና ዓርብ የለም፤ ሁዳዴን በሙሉ የለም።

ጣልያን ከመግባቱ በፊት፣ እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ ድመቷ ትንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ ጭንቅላቷ ብቻ ነበር። ቀጥሎ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ከመደቡ ለመዝለል ስትሞክር ወድቃ ተመልሳ ታየናለች፣ እኛ የገፋናት ይመስል። ምራቋ ይዝረበረባል፤ ሥጋ ስንሰጣት አሽትታ ትተወዋለች። ጎረቤት የመጣ ሁሉ የየራሱን ተናገረ። አንዷ የበላችው አይጥ ነው አለች፣ ሌላዋ ዓይን ነው አለች።

የአባቴም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ግን ማንም አይናገርም። ዋንጫውን ሲያነሡ ወተቱ ይፈስሳል፤ እሳቸው ብርዱ ነው ይላሉ፤ እናቴ ዋንጫውን ከሥር ትደግፍላቸዋለች፤ እኔ ወደ ሌላ እመለከታለሁ። በቤታችን አባት አይታመምም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ባዜቃው በጠርሙሱ ታሽጎ ተቀመጠ። ድመት አትጾምም፤ እናቴ የምትሰጠኝን ወተት ከላማችን እንደታለበ ለድመቷ እሰጣት ነበር። ሳምንት ሳምንትን ሲወልድ ድመቷ ሥጋ ፈለገች፤ ለደብረ ዘይት መደቡ ላይ ወጣች። ለፋሲካ ዶሮ ሲታረድ ደግሞ ከሁላችንም ቀድማ ደረሰች። እኔም መቁጠር ጀመርሁ። ወተት ጠጥታ ድናለች፣ ስለዚህ ጥፋቱ የወተት አይደለም። በልታ ድናለች፣ ስለዚህ የምግብም አይደለም። ዓይን ደግሞ የሁዳዴን ጾም አይጾምም። የጾመው ባዜቃው ብቻ ነበር።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ሳቁብኝ። አባታቸው፣ የአባታቸውም አባት በዚሁ ሙያ ኖረዋል፤ እኔ ከድመት የተማርሁትን ሙያ ላስተምራቸው ነው? ሴት ልጅ ጉጠት መያዝ ሳትችል ስለ ባዜቃ ታወራለች ብለው ለእንግዳ ሁሉ አወሩ። ተናደድሁ። እስካሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ነው፤ ሶዶ ያለ ባለ ጌጥ ሁሉ ወርቅ ይቀቡልኝ ብሎ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ድመቷ እንደገና ወደቀች። በዚያው ሰሞን የአንድ ትልቅ ሹም ሚስት የልጃቸውን የሠርግ አምባር ለማየት መጡ። ድመቷ ሰላም ልትላቸው ተነሥታ፣ ተንገዳግዳ፣ ቀሚሳቸው ላይ ወደቀች። እሜቴ ተነሥተው ቆሙ። እንዲህ ያለ የተረገመ ነገር ባለበት ቤት የልጄ ጌጥ አይሠራም፤ ወይ እሱ ይውጣ ወይ ብሬን አውጡ አሉ። የእሳቸው ቤት ሥራ ከሥራችን ሁሉ ይበልጥ ነበር።

አባቴ እሺ አሉ። በማግስቱ በበቅሎ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ሃላሌ የሚወርድ ነጋዴ ተጠራ። ድመቷን በጆንያ ይዞ ቆላ ሲደርስ እንዲጥላት ተነገረው። መቆም ያቃታት ድመት ቆላ ላይ ስንት ቀን እንደምትኖር ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሞረድ ይስሉ ነበር፤ ሞረድ ደግሞ አይሳልም።

እኔ ድመቷን በነጠላዬ አቅፌ በሩ ላይ ተቀመጥሁ። ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ ጠበቀኝ። አባቴ ስጪው አሉ። አልሰጥም አልሁ። በሕይወቴ ለአባቴ አልሰጥም ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። አለንጋው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበርና አየሁት፤ እንዳየሁትም አዩ።

«የእርስዎም እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አባባ» አልኋቸው። «እርስዎንስ በጆንያ ከትተን ወደ ሃላሌ እንላክዎት?»

ነጋዴው መሬት መሬት አየ። አባቴ አለንጋውን ለማንሣት እጃቸውን ዘረጉ። እጁ ከምሰሶው ሳይደርስ አየር ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ሁላችንም አየነው፤ እሳቸውም ቆመው አዩት። እናቴ ከጓዳ ወጣች።

«እኛ አገር ላም ከሰው ጋር ያድራል» አለች። «ፍየል ያድራል፣ ድመት ያድራል። ማንም አይንቀጠቀጥም። እዚህ ቤት ነው ድመቱ የታመመ። ልጅቷ ውሸት አልተናገረም።»

አባቴ እጃቸውን ወደ ብብታቸው መለሱ። ከዚያ ነጋዴውን መንገድህ ይቅና አሉት፤ እሱም ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ሄደ። እኔ ግን እስኪመሽ ከበሩ አልተነሣሁም።

በሦስተኛው ቀን የእናቴ ወንድሞች ከጉኑኖ ቀርከሃ ተሸክመው መጡ። በእነሱ ቤት ከብቱን ከሰው የሚለይ የቀርከሃ ግድግዳ አለ። እናቴ ያንኑ ዓይነት ግድግዳ በሁለቱ ክፍሎች መካከል አሠራችና፣ እኛ ቤት ግን የሚለየው አንጥረኛውን ከሰው ነው ብላ ሳቀች። አባቴ አልሳቁም፤ ግን ትንሿን መዝጊያ በገዛ እጃቸው ገጠሙ። ብርም ከግድግዳው ወዲያ ቀረ፣ ድመቷም ወዲህ። ወርቅ የሚቀቡበትን ምድጃ ደግሞ አውጥተው ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ዳር ነፋስ በሚያገኝበት ተከሉት። ወተቱ ከቤት አይወጣም፤ ከሥራ በኋላ እጃቸውን ታጥበው ገብተው ይጠጡታል።

መንገደኛው ሁሉ በአጥሩ ላይ እያየ ወርቅ መቅባት ለአንጥረኛ ውርደት ነው። እሜቴም በዚያ መንገድ ሲያልፉ አዩዋቸውና፣ ምን ሆነው ከደጅ ወጡ ብለው ጠየቁ። አባቴ ቀና ብለው «ድመቷ አትወጣም ብትለኝ እኔ ወጣሁ» አሏቸው። እሜቴ ብራቸውን ወስደው ለሌላ ሰጡ። ሥራ ስለቀነሰ ያን ክረምት የጎዳሬ ሥር ቀቅለን በዳጣ በላን። በጎዳሬ የሞተ አላየሁም።

አባቴ ለራሴ ብዬ ወጣሁ ብለው አያውቁም። ለጠየቃቸው ሁሉ ለድመቷ ስል ነው ይሉ ነበር፤ ልጅቷ ነገረችኝ ማለትማ ጭራሽ። እኔም አላረምኋቸውም። ለድመት ብለው ይውጡ፣ ለማንም ብለው ይውጡ፣ ብቻ ይውጡ።

መስቀል አልፎ ጭቃው ሲደርቅ፣ አንድ ቀን ከጓሮ ገብተው ታጠቡና ወተት አሉ። እናቴ እንደ ልማዷ ዋንጫውን ከሥር ልትደግፍ እጇን ዘረጋች። አባቴ ተይው አሏት። ብቻቸውን አንሥተው ግማሹን ጠጡ። ጎንበስ ብለው የቀረውን ለድመቷ ቀዱላት፤ አንድም ጠብታ መሬት አልነካም።