ለእኔ ተብሎ የሚደረግ ሄልሜት

ለሚ ኩራ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ የደህንነት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ድርጅታችን «ለሠራተኞቻችን ደህንነት ቃል ገብተናል» የሚል ትልቅ ባነር በሩ ላይ ሰቅሏል። ቃሉን የገቡት አለቆች ሃያ ሁለት አካባቢ ባለው ቢሯቸው ይቀመጣሉ፤ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ የምውለው ግን እኔ ነኝ።

ገና ከበሩ ብቅ ስል ከላይ አንዱ ያፏጫል። ያኔ መሬት የተጣለው ሄልሜት ሁሉ ራስ ላይ ይወጣል፤ ጀርባዬን ስሰጥ ተመልሶ ይወርዳል። ይሄው ነው ሥራዬ፤ ታከተኝ።

ከግንበኞቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ እሳቸው ግን «ኢንጂነር» እያሉ አንቱ ይሉኛል። ሄልሜቱን ከሁሉም ቀድመው የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው፤ ለእንግዳ ከመቀመጫው እንደሚነሣ ሰው።

«አባባ፣ ለእኔ ብለው እኮ አይደለም፤ ለራስዎ ነው!» ብዬ ስንቴ ተቆጣሁ፣ ስንቴ ለመንኩ።

«ኧረ ነውር ነው! እርስዎ ቆመው እያዩኝ በባዶ ራሴ?» ይሉኛል።

አንድ ቀን ሃያ ሁለት ወዳለው ቢሮ ለስብሰባ ተጠራሁ። ባነሩ ስለደበዘዘ በአዲስ ይቀየር እየተባለ ሲወራ ስልኬ ጠራ። የብሎኬት ስባሪ ከላይ ወድቆ ሽማግሌውን መትቷቸዋል።

ሆስፒታል ስደርስ ራሳቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ሲያዩኝ ሊነሡልኝ ሞከሩ፤ ትከሻቸውን ይዤ አስተኛኋቸው።

«ይቅር ይበሉኝ ኢንጂነር» አሉኝ እጄን ጨብጠው። «ዛሬ የሚመጡ አልመሰለኝም ነበር።»