ጥቁር የተነከረው ሸሚዝ

ከቀብሩ ማግስት የጎረቤት ሴቶች ከድንኳኑ ጀርባ ትልቅ ድስት ጣዱ። ከገበያ የመጣ ጥቁር ቀለም በፈላ ውሃ በጠበጡ፣ እፍኝ ጨው ጨመሩበት፣ ከዚያ የቤታችንን ልብስ እየለቀሙ መንከር ጀመሩ። ነጩን ሸሚዜን ከሚስማሩ ላይ አውርደው ሲከቱት ቆሜ አየሁ። ለሥራ ፈተና ብዬ ያስቀመጥኩት እሱን ብቻ ነበር። ግን አባቱን በቀበረ ማግስት ስለ ሸሚዝ የሚከራከር ሰው ምን ይባላል?

ሲደርቅ ወስጄ አገላብጬ አየሁት። ጨርቁ ጥጥ ስለሆነ ቀለሙን ጠጥቷል። የተሰፋበት ክር ግን ናይለን ስለነበር አልጠጣም። በትከሻው፣ በኪሱና በአንገትጌው ዙሪያ ስፌቱ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ቁልፎቹም ነጭ ናቸው። ለለቅሶ ቤት ግን ማንም እንዲህ አስጠግቶ አያይም።

አባቴ የመጋዘን ጥበቃ ነበር፤ የምንኖረውም በእሱ ደመወዝ ነበር። እኔ ኮምፒውተር መጠገን የተማርኩት ብቻዬን ነው፤ ሰው የጣለውን ማሽን እየፈታሁ፣ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ። ዲግሪ የለኝም። አንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች ፕሪንተር ሲያስቸግራቸው ይጠሩኛል እንጂ ቋሚ ሥራ አልነበረኝም።

ለለቅሶው ከሰሜን የመጣው የእናቴ ታላቅ ወንድም ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ እኔ በተቀመጥኩበት እናቴን እንዲህ አላት፦

«አርባው ሲወጣ አብረን እንሄዳለን። ዕቃሽን ቀስ እያልሽ ሰብስቢ።»

«ባሌ የተቀበረበትን ትቼ?»

«እዚህ ማን ሊያኖርሽ ነው?»

እናቴ ወደ እኔ አየች። አጎቴም ተከትሎ አየኝ።

«ይሄ ልጅ ደመወዝ ያለው ሥራ ከያዘ አልነካሽም» አለ። «እግዜር ምስክሬ ነው፣ አልነካሽም። ካልያዘ ግን በሰው አገር ተቸግረሽ አላይም።»

እናቴ ሐዋሳ የገባችው ሙሽራ ሆና ነው። በሰፈራችን በታቦር የማያውቃት የለም። አጎቴ «የሰው አገር» ሲል ከንፈሯን ነከሰች።

ስልኩ የተደወለው በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ ታሞ ተኝቶ ሳለ ሐይቁ ዳር ላለ አንድ ሆቴል አመልክቼ ነበር። የሚፈልጉት ኮምፒውተሮቻቸውንና ኔትወርካቸውን የሚከታተል ሠራተኛ ነው። ማስታወቂያው «ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ» የሚል ቃል ነበረበት። እንዲህ የሚል ማስታወቂያ በብዛት አይወጣም። የደወለችው ልጅ ቀኑን ነገረችኝና፣ «ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ለብሰህ ና፣ የቤቱ ደንብ ነው» ብላ ዘጋች። ቀኑ ከአርባው በፊት ነበር።

እኛ ሰፈር አርባ ሳይወጣ ጥቁር አይወልቅም፣ ጺምም አይላጭም። የሟቹ ልጅ ነጭ ለብሶ በድንኳኑ በር ሲያልፍ ቢታይ፣ ወሬው እኔ ሳልመለስ እናቴ ጆሮ ይገባል። ፈተና እንዳለኝ ለእናቴና ለአጎቴ ነግሬያለሁ፤ ነጭ ለመልበስ ግን እናቴን ላስፈቅዳት አልፈለግሁም፤ እሺ ብትለኝም እንቢ ብትለኝም የምታለቅስ መሰለኝ። ስለዚህ የሄድኩት ባጃጅ ወደሚነዳው ጓደኛዬ ነው፤ የሸሚዙን ነገር ነገርኩት።

«በረኪና ሞክረሃል?» አለኝ።

«ሸሚዙ ጫፍ ላይ፣ ሱሪ ውስጥ የሚገባው ጋ ሞክሬያለሁ።»

«እሺ?»

«ዝገት መሰለ።»

«አንተኮ ለቅሶ ላይም ላቦራቶሪ ትከፍታለህ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቤት ገብቶ ነጭ ሸሚዙን በማንጠልጠያው ይዞ ወጣ። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መካከል ሲቆም የሚለብሰው ነው። እናቱ ትተኩስለታለች፤ የእጅጌው መስመር እንደ ወረቀት እጥፋት ቀጥ ያለ ነበር።

«ከቤትህ በጥቁሩ ውጣ። እዚያ ስትደርስ ሽንት ቤት ገብተህ ቀይር። ስትመለስ ጥቁርህን መልሰህ ትለብሳለህ። ማን ያያል?»

«ጺሜስ?»

«ጺም ተወው፤ አሁን የባንክ ሥራ አስኪያጁም ያሳድጋል። ዘመናዊ ነው ይሉሃል።»

በቀጠሮው ቀን ገላዬን ታጠብኩ። የተነከረ ልብስ ቀለም ስለሚለቅ አንገቴና ደረቴ ላይ ጥቁር ተቀምጦ ነበር። እስኪቀላ ድረስ በሳሙና ፈተግሁት። ከዚያ ጥቁሩን ሸሚዝ በላዩ ለበስኩ። ቀለም ይለቃል ብዬ የታጠብኩት እኔ፣ እንደገና ከላዩ ስለብስ ያ ነገር ለምን እንዳልታየኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሐሳቤ ሁሉ ድንኳኑን ማለፍ ላይ ነበር። ነጩ ሸሚዝ በፌስታል ውስጥ ነው። እናቴ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ «እመብርሃን ትከተልህ» አለችኝ። ፌስታሉን በማታይበት በኩል ያዝኩት።

የሐዋሳ ፀሐይ ገና በጠዋቱ ይከብዳል። በዚያ ላይ ፍርሃት ነበረብኝ። በጓደኛዬ ባጃጅ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ስንወርድ ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆር ነበር። ጓደኛዬ የሆቴሉ በር ላይ አውርዶኝ ሄደ። ሽንት ቤት ገባሁ፣ ቸኩዬ ጥቁሩን አወለቅሁ፣ ነጩን ለበስኩ፣ እስከ ላይ ቆለፍኩ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞርኩ።

አንገትጌው በውስጥም በአፉም ጠቁሯል። ብብቱም እንደዚያው። ሶፍት በውሃ ነክሬ ጠረግሁት፤ ጥቁሩ ሟሟና ወይን ጠጅ ሆኖ ወደ ደረቱ ወረደ። ደግሜ ጠረግሁ፣ ባሰበት። አንድ ሠራተኛ ገብቶ እጁን ታጥቦ በመስታወቱ ሲያየኝ ቆየና ወጣ። በር ላይ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ነጩን አውልቄ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ፣ እርጥቡን ጥቁር መልሼ ለበስኩ።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። መካከል የተቀመጠችው ሴት ኃላፊዋ ትመስላለች። በቀኟ ከረባት ያሰረ መላጣ ሰው፣ በግራዋ ላፕቶፕ የከፈተ ወጣት። ስለ ነጭ ሸሚዙ የምሰጠውን ይቅርታ እየደረደርኩ ገባሁ። አልጠየቁኝም። ሴትየዋ ከጺሜ እስከ ሸሚዜ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ።

«ማን ሞቶብህ ነው?»

«አባቴ።»

«ውይ! መቼ?»

«አርባው አልወጣም።»

ሦስቱም ተነሡ። «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ነፍሱን ይማር» እያሉ ተራ በተራ ጨበጡኝ። መልሰው አስቀመጡኝ፣ ውሃ ቀዱልኝ። መላጣው ሰውዬ ወንበሩን አስጠጋ።

«ታሞ ነበር ወይስ ድንገት?»

«ኩላሊቱን ታሞ ነበር።»

«አይ ኩላሊት! የኔም አባት በእሱ ነው የሄዱት» አለና ከሆስፒታል ሆስፒታል እንዴት እንደተመላለሱ ይተርክልኝ ጀመር። አንገቴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኩት። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ፣ ትረካው ሲያልቅ «ነፍሳቸውን ይማር» አልኩት።

ወጣቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ ኔትወርክ አንዲት ጥያቄ ብቻ...»

«ተው እንጂ አንተ!» አለችው ሴትየዋ። «ሐዘንተኛ ልጅ እንዲህ ይጨነቃል?»

«መመለስ እችላለሁ» አልኩ። ድምፄ ሲፈጥረውም ዝግ ያለ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰለለ። ለቅሶ የመጣብኝ መሰላት።

«አይዞህ የኔ ልጅ። ወንድ ልጅም ያለቅሳል።»

ወጣቱ ላፕቶፑን ከደነ።

«ሥራው ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይል የሚጀምር ሰው ነው የሚፈልገው» ቀጠለች። «አንተ አሁን እናትህ ጋ የምትሆንበት ጊዜ ነው።»

«እናቴ ጋ እንድሆን ነው እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አዎ፣ እሷ ጋ ሁን» አለችኝ እጄን ይዛ። «ወደፊት ማስታወቂያ ስናወጣ እንዳትቀር።»

እስከ በሩ ሸኙኝ። የሚቀጥለው ተፈታኝ በነጭ ሸሚዝ ቆሞ ይጠብቃል፤ እንዳለፍኩ ገባና በሩ ተዘጋ። ትንሽ ቆሜ ሰማሁ። ወጣቱ ስለ ኔትወርክ ይጠይቀዋል። ጥያቄውን አውቀዋለሁ። ልጁ ሲንተባተብ እኔ ኮሪደሩ ላይ መልሱን በልቤ ጨረስኩ።

ደግ ሰዎች ነበሩ። ሰድበውኝ ቢሆን እመልስ ነበር፤ እነሱ ግን ውሃ ቀዱልኝ።

ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ። ቤት ስገባ እናቴ ፍራሹ ላይ፣ አጎቴ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ሁለቱም ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ምን ጠየቁህ?» አለችኝ እናቴ።

«አባባ በምን እንደሞተ።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ አልጠየቁኝም።»

አጎቴ ፊቱን በመዳፉ አሻሸ። ሊቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ።

«መናኸሪያ ደርሼ ልምጣ» አለ። «ለአርባው ማግስት ሁለት ቦታ ልያዝ።»

እናቴን አየኋት። «ተው» እንድትለው ጠበቅሁ። እሷ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና፣ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች፣ «በመስኮት በኩል ይሁንልኝ» አለችው።