መዳቡ ቀድሞ የገባበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ለቡ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ኬሚስትሪዋን ጮክ ብላ ስታጠና፣ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን አንድ ላይ ስለሚይዝ ውህድ ስታነብ ሰማኋት። ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር።

«የትኛው ነው ቀድሞ የሚገባው?» አልኳት።

«እማማ፣ አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አመጣሽው?»

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነፋስ ስልክ ከእናቴ ጋር ስኖር፣ በአንድ ላቦራቶሪ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ ብርጭቆ አጥብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ የተደረደሩት ፈሳሾች ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይጥላሉ። አንዳንዴ ውሃው እየፈሰሰ ያን ብርሃን ሳይ እቆያለሁ።

ለመመረቂያ ጥናቱ እዚያ የሚሠራው ጋሽ ታደለ፣ ለብረት ሁለት መቀመጫ ያለው ውህድ አዘጋጅቶ በአንዱ መዳብ፣ በሌላው ኒኬል ለማስቀመጥ ይደክም ነበር። ብረቶቹ ግን ቦታ ይሻማሉ፤ የሚወጣለት ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ነው።

አንድ የሁዳዴ ቀን ስብሰባ ተጠራና፣ «አስካለ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ጨምሪልኝ» ብሎኝ ወጣ። መዳቡን ጨመርኩ። ወዲያው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ኒኬሉን ትቼ ጓሮ ወጣሁ፤ እናቴ የቋጠረችልኝን ስልጆ በእንጀራ በላሁ። የበልግ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ዛፉ ሥር ትንሽ ሸለብ አደረገኝ። ስመለስ ኒኬሉን ጨምሬ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ብርጭቆው ውስጥ ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ደቃቅ ክሪስታሎች ወጥተው አገኘን። ጋሽ ታደለ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ብዙ አያቸው።

«አንድ ላይ ነው የጨመርሽው?»

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ እንደዚያው ቢሞክር መልሶ ጭቃ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ። ውህዱ እያለቀበት ነው፤ ሌላ ለመሥራት የሚያስፈልገው ኬሚካል ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፣ መመረቂያው ደግሞ ደርሷል። እኔም ሥራዬን እፈራለሁ፤ ቤታችን የሚገባው ደመወዝ የእኔ ብቻ ነበር። የመጨረሻዋን ሊመዝን ሲል ጠጋ አልኩት።

«ጋሼ፣ መዳቡን ጨምሬ፣ ምሳ በልቼ ነው ኒኬሉን የጨመርኩት።»

«ምን ያህል ቆየሽ?»

«አንድ ሰዓት ይሆናል። ትንሽ ተኝቻለሁ።»

«አንቺ ልጅ! ተኝተሽ? ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ሆንሽ?»

«አሁን ገና ትዝ አለኝ።»

ከዚያ ሳቀ። መዳቡ ብቻውን ጊዜ ካገኘ የሚስማማውን መቀመጫ ይይዛል፣ ኒኬሉ የቀረለትን ይወስዳል ብሎ አስረዳኝ። «በይ የምሳ ሰዓቱን እንስጠው» አለና መዳቡን ጨመረ፤ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለን ኒኬሉን አስከተልን። ክሪስታሉ ወጣ። ተመረቀም። ላገኘው ሰው ሁሉ «ያስታወሰችልኝ አስካለ ናት» ይል ነበር።

ለልጅ ልጄ ምሳውንና እንቅልፉን ነገርኳት፤ ከት ብላ ሳቀች። ትዝ ያለኝ ያኔ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ እንደነበር ግን አልነገርኳትም። በእነዚያ ቀናት እሱ ጭቃ የያዘውን ብርጭቆ ያቀብለኛል፤ እኔ አጥቤ አንጽቼ እመልስለታለሁ። ደግ ሰው ነበር። ያኔውኑ ብነግረው ኖሮ የሚያባርረኝ አይመስለኝም።