በልብ ወለዴ ያልተነፋው ጡሩንባ

የካ ተራራ ሥር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ዕድሜዬ ገና ሠላሳ አልሞላም። ባለፈው አንድ አጭር ልብ ወለድ ጻፍኩና ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ እንዲያነቡልኝ ሰጠኋቸው። ታሪኩ በዚሁ በሰፈራችን ብቻውን ኖሮ ስለሞተ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ቀብሩ ላይ የተገኙት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጋሽ ታደሰ የዕድሩ ጸሐፊ መሆናቸውን ረስቼው ነበር።

እሁድ የዕድሩ ስብሰባ ላይ ተጠራሁ። ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። ለካ ታሪኩ ለአባላቱ በሙሉ ተነቦላቸዋል።

መጀመሪያ የተነሱት ጡሩንባ ነፊው አባባ ደምሴ ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው።

«ያን ቀን እኔ የት ሄጄ ነው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«ይሁና። ሰፈሩ ግን የኛ ነው። እዚህ ሰው ሞቶ ሳልነፋ የቀረሁበት ቀን የለም። አራት ሰው ብለህ ስትጽፍ ትንሽ አላፈርክም?»

«ሰውዬው የዕድር አባል አልነበረም» ብዬ ለማምለጥ ሞከርኩ።

«ለምን?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ግባ ያለው የለም። እሱም ሄዶ አስገቡኝ ለማለት አፈረ።»

ይህን ስል ዓይኔ ጫማዬ ላይ ነበር። ጋሽ ታደሰ ለአፍታ አዩኝና የዕድሩን መዝገብ ገልጠው፣ ምንም ሳይጠይቁኝ ስሜን ጻፉ።

ስንወጣ አባባ ደምሴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ «ያንተን እኔው ራሴ ነኝ የምነፋልህ።»