እግሩ ታንኳ የነበረው አውሮፕላን

ቅቤ አልበላም። ጾም ሆኖ ወይም ሐኪም ከልክሎኝ አይደለም፤ ሽታው ያቅለሸልሸኛል። ጋይንት ተቀምጦ ቅቤ የማይበላ ሰው ከበሽተኛ ስለሚቆጠር፣ ሰው ቤት ስጋበዝ «ሐሞቴን ያመኛል» ብዬ እገላገላለሁ። የሕመሜን መነሻ ግን ባለፈው ወር ንፋስ መውጫ፣ አዲስ የተከፈተ ሆቴል ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ቆሞ አየሁት።

ከእንጨት የተጠረበ አውሮፕላን ነበር፤ ክንድ የማይሞላ፣ ቀይ፣ ቫርኒሹ ፊት የሚያሳይ። የሆቴሉ ባለቤት ልጅ ከውጭ አገር ይዞት የመጣ ነው አሉ። ድሮ አውሮፕላኖች እንደ ፈረስ ይሽቀዳደሙ በነበረበት ጊዜ ከነበሩት አንዱን አስመስሎ ባለሙያ በእጁ የሠራው ነው። ጎማ የለውም። ከሆዱ ሥር እንደ ታንኳ የሾሉ ሁለት እግሮች አሉት፤ ውኃ ላይ የሚነሣ፣ ውኃ ላይ የሚያርፍ ነበርና። ይህን ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። በልጅነቴ ስማዳ፣ ወገዳ ላይ እኔው ራሴ ጠርቤዋለሁ።

ሆቴሉ የሄድነው የቀድሞ የሳይንስ አስተማሪያችንን፣ መምህር አስማረን፣ ተማሪዎቻቸው የነበርን ሰዎች ምሳ ልንጋብዛቸው ነበር። ብቀር በወደድሁ፤ ይሉኝታ ጎትቶ ወሰደኝ። ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ። አንቱታው ከአፌ እንጂ ከሆዴ አይደለም።

በእኛ ጊዜ ወገዳ ላይ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ በላይ የሚማር ልጅ ስንቁን ቋጥሮ፣ ቤት ተከራይቶ ሩቅ መሄድ አለበት። አባቴ አራሽ ነው። «ልጄ፣ እስካሁን አላስቀረሁሽም፤ ከዚህ ወዲያ ግን አቅሜ አይደል» ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። በዚያ ዓመት ታዲያ ጥር ላይ የተማሪዎች የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን እንደሚደረግ፣ አንደኛ የወጣም ደብረ ታቦር በአዳሪነት በነጻ እንደሚማር ተነገረን። ለእኔ የቀረችኝ በር ያች ብቻ ነበረች።

የአውሮፕላኑን ሥዕል ያሳዩን መምህር አስማረ ናቸው። ከአንድ አሮጌ መጽሔት የተገነጠለ ገጽ ነበር። «ይኼ አውሮፕላን ጭነት አይጭን፣ ቦምብ አይጥል። ሥራው መቅደም ብቻ ነው» አሉን። አንዱ ልጅ «ታዲያ ምን ይረባል?» ቢላቸው፣ «የጥምቀት ፈረስ ከጉግስ ሌላ ምን ይረባል?» ብለው አሣቁን። ስለ እግሩም ስንጠይቃቸው «የጣና ታንኳ አስቡ፤ ሁለት ታንኳ ተጫምቶ ውኃው ላይ ይንሸራተትና ብድግ ይላል» አሉ። ያን ቀን ከእሳቸው የሚበልጥ አዋቂ ያለ አልመሰለኝም። እንዲህ አጣፍጠው ያስረዱን እሳቸው መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

አባቴ ለገበቴ ቆርጦ፣ ጫፉ ሲሰነጠቅበት የጣለው የዋንዛ ጉማጅ ነበር። ደኅናውን ወገን ለየሁና በእሱ ምሳር ማለዘብ ጀመርሁ። ሴት ልጅ ምሳር ይዛ ስትጠርብ ታይቶ ስለማይታወቅ ጎረቤቱ ሁሉ ተሳለቀብኝ። እናቴም «ስፌትሽን ጥለሽ የምን እንጨት መፋቅ ነው?» ትለኛለች። ገብሱ ሲታጨድ ጀምሬ፣ ሲወቃ በአውድማው ዳር ገለባ ላይ ተቀምጬ ስፍቅ ከረምሁ። ክንፉን በጠርሙስ ስባሪ አለሰለስሁት። ታንኳዎቹን ለማመሳሰል ስንቴ እንደተሳሳትሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የአፍንጫውን ማራገቢያ በጃርት ወስፌ ላይ ሰካሁት፤ እፍ ሲሉት ይሽከረከራል። አንድ ቀን አባቴ ማንም እንዳላየው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እፍ አለበት። ዞረለት። «እንዲያው ጉድ እኮ ነሽ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳሩን ሲፈልገው እኔን ማስፈቀድ ጀመረ።

በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ አውሮፕላኑን ለመምህር አስማረ አስረከብሁ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ስደርስ ሽታው ከበር ተቀበለኝ። ቅቤ ቀብተውታል! ያገራችን ልማድ ነው፤ አዲስ ገበቴ እንዳይሰነጠቅ ቅቤ ይጠጣል። ገበቴ ግን ጓዳ ይቀመጣል እንጂ ጥር ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ቅቤውም የሳቸውን ያህል የከረመ አይደለም። «እንዲያበራ ብዬ ነው፤ ትልቅ እንግዳ ይመጣል» አሉኝ። ረፋዱ ላይ ቅቤው ቀልጦ በክንፉ ይንጠባጠብ ጀመር። የሰፈሩ ዝንብ ሁሉ ሌላውን ትቶ የእኔው ላይ ሰፈረ።

እንግዳው ከአውራጃ የመጣ «ጓድ» ነው። ጫማው ያብረቀርቃል። እየዞረ አይቶ እኔ ዘንድ ሲደርስ በከዘራው ጠቆመና «ጎማውስ?» አለ።

«የውኃ ነው ጓድ፤ እግሩ ታንኳ ነው» አልሁት።

«ስማዳ ባሕር አለ እንዴ?»

ሕዝቡ ሣቀ። እኔ አልደነገጥሁም፤ የሚያውቅልኝ ሰው አጠገቤ ቆሟል ብዬ ወደ መምህር አስማረ ዞርሁ። እሳቸው እኔን አላዩም።

«ረስታው ነው ጓድ» አሉ። «ሴት አይደለች? እናስተካክለዋለን።» ከዚያ ሣቁ። ከሁሉም አስበልጠው ሣቁ።

እንግዳው ምሳውን በልቶ፣ ቢራውን ጠጥቶ ሽልማት ሊሰጥ ሲመለስ፣ የእኔ አውሮፕላን ጎማ አብቅሎ ጠበቀን። መምህር አስማረ የጠጡበትን የቢራ ቆርኪ ለቅመው በታንኳዎቹ ጎን በሚስማር መትተውታል። አንደኛው ታንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። ማራገቢያው የለም።

«ይኸውላችሁ፣ አሁን አውሮፕላን ሆነ!» አለ ጓድ። ተጨበጨበ። «አንደኛ ይሰጣታል። ግን በመጀመሪያ ስሕተቷን ታምናለች። ግለ ሂስ ታድርግ!»

ያን ጊዜ ጠመኔ የሰበረም፣ ስብሰባ ያረፈደም በሕዝብ ፊት ቆሞ ራሱን ይከስስ ነበር። መምህር አስማረ አውሮፕላኑን አስታቀፉኝና በጆሮዬ «በይ፣ ‹ጎማውን ረስቼው ነው› በይ። አንድ ቃል ናት» አሉኝ። ደብረ ታቦር በዚያች አንድ ቃል ማዶ ናት። አባቴ ከሕዝቡ መካከል በዱላው ተደግፎ ያየኛል።

አፌን ከፈትሁ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ልለው ነበር። ግን በከረመ ቅቤ ላይ የተጨመረ የቢራ ዝቃጭ፣ ከዚያም መምህሩ የነካኩበት የጥብስ ጣት፣ በዚያ ፀሐይ ግሎ አፍንጫዬ ሥር ሆነ። አንድ ዝንብ ቅቤው ውስጥ ተዘፍቆ በአንድ ክንፉ ይርገበገባል። ጀግና ነኝ አልልም፤ አንደበቴ እሺ ብሎ ነበር፣ እምቢ ያለው አንጀቴ ነው። የበላሁት ቆሎ እንዳለ በጓዱ ጫማ ላይ ወጣ።

አንደኝነቱን ከጭቃ ትራክተር ለሠራ ልጅ ሰጡት። አባቴ አፌን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ይዞኝ ወጣ። ማታ ሚስማሮቹን ነቀለልኝ፤ በአመድም በሳሙናም አጠብነው፣ ሽታው አልለቅ አለ። በመጨረሻ እናቴ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ቅቤ የጠጣ እንጨት ደኅና አድርጎ ነደደ።

ትምህርቴን ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ በማታ ቀጥዬ፣ ጤና ጣቢያ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ምሳር ግን ዳግመኛ አልነካሁም።

ወደ ሆቴሉ ልመለስ። ክትፎ ያቀረበልን አስተናጋጅ መምህር አስማረ መደርደሪያውን ሲያዩ አይቶ «አባባ፣ የዚህ አውሮፕላን ጎማው የታለ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«የውኃ ነው እኮ ልጄ!» አሉ፤ ጣታቸውን አንሥተው፣ ድምፃቸውን ሞርደው። «እግሩ ታንኳ ነው። የጣና ታንኳ አስብ። ጎማ የሚፈልግበት ያልተማረ ሰው ብቻ ነው።»

ማዕዱን የከበበው ሁሉ አደነቃቸው። ዛሬ ምንም አያስከፍላቸውማ።

«መምህር፣ ሁለት የቢራ ቆርኪ ይጎድለዋል» አልሁ።

ጥቂት አፈጠጡብኝ። ከዚያ ትዝ አላቸውና ሣቁ፤ ያንኑ ሣቅ። «አይ አንቺ! እስከ ዛሬ ይዘሽዋል? ዘመኑ ነው እኮ ልጄ፣ ዘመኑ! በይ ነይ፣ ላጉርስሽ።»

ዘመኑ ብዙ ክፋት ሠርቷል፣ አልክድም። መዶሻ ይዞ ሚስማሩን የመታው ግን ዘመኑ አልነበረም።

ክትፎውን ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። የሽማግሌ ያውም የአስተማሪ ጉርሻ መመለስ በእኛ አገር ነውር ነው፤ ሁሉም አፌን ይጠብቃል። ቅቤው በጣታቸው መኻል ወርዶ እጅጌያቸው ገባ።

«አልቀበልም፣ መምህር» አልሁ። ሐሞቴን ያመኛል አላልሁም።