የሰይድ አፍ ሆኜ የሄድኩ ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እኔ፣ መካነ ሰላም ገበያ ላይ አፌን ከከፈትኩ ሰው ሚዛኑን ጥሎ የሚከበኝ ሰውዬ፣ ይህችን አንዷን ውጬ ነው የኖርኩ። እናንተው ስሙኝ እንግዲህ።

ድርቁ የበረታ፣ ንጉሡም የወረዱ ሰሞን ነው። ሰይድ የሚባል ጎረቤት ነበረኝ፣ እኩያዬ፣ ተብታባ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በሬውን ሲጠራ አይንተባተብም። መንዙማ ሲያወርድ ምላሱ ቅቤ ነው። ከኔ ጋር እንጨት ስንለቅም እንዲያውም እኔንም አያስወራኝ። ሹም ፊት ሲቆም ነው የገዛ ስሙ እንኳ ጉሮሮው ላይ የሚቀርበት። ይህን ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

ከተማ ዱቄት ይታደላል ተባለ። እናቱ እትየ ዘሀራ መራመድ አቅቷቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

«ምላሱ ሲያዝበት አንተ ንገርለት የኔ ልጅ፤ አላህ አፍ ሰጥቶሃል» አሉኝ።

«ለሁለት የሚበቃ አለኝ፣ እትየ» አልኩ። ሳቁልኝ።

መዝጋቢው ከሌላ አገር የመጣ ጎረምሳ ነው። የሌለ ቤተሰብ የሚያስመዘግበው ስለበዛበት፣ የቤተሰቡን ስም ሲጠራ ያመነታውን ሁሉ ውሸታም ይለዋል። ሰይድ ጠረጴዛው ፊት ቆመ።

«እና… እናቴ ዘ… ዘ…» አንገቱ ተገተረ።

«አሁን እየፈጠርካት ነው?» አለና መዝጋቢው ወደኔ ዞረ። «አብራችሁ ናችሁ? ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

ሰልፈኛው ሁሉ አየኝ። ሰው ሲያየኝ ደግሞ አያድርስ ነው።

«ሲያሻው ነው፣ ጌታው» አልኩ። «ለበሬው እንደ ቃዲ ነው የሚናገር። እርስዎም ቀንድ ቢኖርዎ ባልተንተባተበ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። መዝጋቢው አልሳቀም። «ሲያሻው ነው» ያልኩትን ይዞ «አንድ ሰው» ብሎ ጻፈ።

ሰይድ ወደኔ አየ። «እናቱ አሉ፤ ጠዋት አናግረውኛል» ማለት አቅቶኝ ነው? አራት ቃል ናት። ያን ሁሉ አፍ ይዤ አራት ቃል አጣሁ? አላጣሁም። ሳቁ እንዳይበርድብኝ ነው ዝም ያልኩ። እኔ ነኝ። እያወቅሁ።

ያችን የአንድ ሰው ዱቄት እናትና ልጅ ሲገፋፉባት ሰነበቱ፤ እሱ ለሳቸው፣ እሳቸው ለሱ። ሁለተኛው እደላ ሳይደርስ እትየ ዘሀራ ሞቱ። በሽታ ነው ያለም ነበር። እኔ እዚያ ውስጥ አልሸሸግም።

ለቅሶ ደረስኩ። «አላህ ያጽናህ» አልኩት። ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ።

«አ… አሚ…» አንገቱ ተገተረ። ልክ እንደዚያ ቀን፣ ልክ ጠረጴዛው ፊት እንደቆመ። ወጥቼ ጥቂት ሳልርቅ በሬውን ሲጠራ ሰማሁት፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው።

እስከ ዛሬ እንደዚያው ነን። ይቅር በለኝ ልለው ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ ሄጃለሁ። «ይቅር ብየሃለሁ» ለማለት ሲታገል፣ እኔ ቆሜ እንደ መዝጋቢው ልጠብቀው ነው? ሁለቱንም ጊዜ ተመለስኩ። እናንተም እሱን ተክታችሁ «ይቅር ብሎሃል» እያላችሁ አፉ አትሁኑለት።